ሃይማኖት ከእንጉዳይ በቀለ ለሚሉን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

  

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተላከ ነው። ወንድማችን ከሁለት ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ይኖራል። አንደኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ሌላኛው ደግሞ ሃይማኖት የሚባለውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ እንደተወ ይናገራል። ይህ ሦስተኛው ልጅ በስልኩ ያገኛቸውን ፊልሞች እያሳየ፣ «የጥንት ሰዎች የሚያሰክር እንጉዳይ በልተው ቃዡ፤ ቅዠታቸውን አምላክ አሉት፤ የእናንተም ሃይማኖት መነሻው ይኸው ነው» ይላቸዋል። ዒሳ (ዐ.ሰ.) የሚባል ሰው ፈጽሞ እንዳልነበረና ስሙ የእንጉዳይ መሸሸጊያ ስም እንደሆነ የጻፈ እንግሊዛዊ ምሁር አለም ብሏቸዋል። ወንድማችን ሁለት ጥያቄ አቅርቦልናል። ነገሩ እውነትነት አለው ወይ? ደግሞስ ይህን መጽሐፍ ከክርስቲያኖች ጋር በሚደረግ ውይይት ላይ እኛ ብንጠቀምበት ምን ይመስላችኋል?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ አሳስቦናልና በእሱ እንጀምራለን።

ምሁር የተባለው ጆን አሌግሮ ነው። ተራ ወሬኛ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የሴማውያን ቋንቋዎች መምህር ነበር። በሙት ባሕር አጠገብ በዋሻዎች ውስጥ የተገኙትን ጥንታዊ የዕብራይስጥና የአራማይክ ጥቅሎች እንዲያጠኑ ከተመረጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1970 ግን «ቅዱሱ እንጉዳይና መስቀሉ» የተሰኘ መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ቀይ ቆብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን እንጉዳይ እየበሉ የሚሰክሩ የምስጢር ማኅበርተኞች ነበሩ፤ የኢንጂል ታሪክ ደግሞ ይህን ምስጢር ከሮማውያን ለመደበቅ የተቀነባበረ ተረት ነው።

ማስረጃው ምን ነበር? የቃላት ሥር። የዕብራይስጡንም የግሪኩንም ስሞች ወደ ሱመርኛ እየመለሰ፣ ይህ ቃል እንዲህ ማለት ነው፣ ያኛውም እንዲያ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም እንጉዳይ ናቸው ይላል። ሱመርኛ ግን በሰዎች አፍ መነገሩን ካቆመ ከዒሳ (ዐ.ሰ.) ዘመን በፊት ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዕብራይስጥም ሆነ ከግሪክ ጋር ዝምድና የለውም። ይባስ ብሎ አሌግሮ ከተጠቀመባቸው የሱመርኛ ቃላት ብዙዎቹ በየትኛውም የሸክላ ጽሑፍ ላይ አልተገኙም፤ ራሱ ክፍልፋዮችን ገጣጥሞ የሠራቸው ናቸው። በዚህ ዘዴ ከሄድን እኮ «ጀመረ»፣ «ጀማዓ» እና «ጅማ» ሦስቱም ከአንድ ሥር ወጡ፤ ስለዚህ የሰው ልጅ ማኅበር የተጀመረው ጅማ ላይ ነው ማለት እንችላለን። የጅማ ወገኖቻችን ቅር አይላቸው ይሆናል፤ ዕውቀት ግን አይደለም።

መጽሐፉ እንደወጣ በግንቦት 1970 ከአሥር የሚበልጡ የእንግሊዝ ሊቃውንት ታይምስ በተባለው ጋዜጣ ላይ ተቃውሟቸውን በፊርማቸው አወጡ። ከፈረሙት መካከል የራሱ የኦክስፎርድ መምህር የነበሩት ጎድፍሬይ ድራይቨር ይገኙበታል። አሌግሮ በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሞተ።

እንግዲህ ወንድማችን፣ ይህ ነው አንሥተን እንወርውረው ያልከው ድንጋይ። ዒሳ (ዐ.ሰ.) የመርየም ልጅ፣ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆናቸውን ማመን የኢማናችን ክፍል ነው። «ዒሳ የሚባል ሰው አልነበረም» የሚል መጽሐፍ የጎረቤታችንን ቤት ብቻ አያቃጥልም። ሱረቱ መርየምን የሚቀራ ሙስሊም ይህን መጽሐፍ በመድረክ ላይ ይዞ ሊወጣ አይችልም። በቁርአን ውስጥ ለማንም ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታዘናል፤ በክርክር ወቅትም ትእዛዙ አይነሣልንም። ውሸት መሆኑን የምናውቀውን ነገር ባላጋራችንን ስለሚያሳፍርልን ብቻ መጥቀስ ሸሃዳ በሐሰት መስጠት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አሌግሮ ወደቀ ማለት ነገሩ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እውነት የሆነውን እውነት እንበል። አእምሮን የሚቀይሩ እንጉዳዮች አሉ፤ በእነሱ የሚጠቀሙ ሕዝቦችም ነበሩ፣ አሉም። በሩሲያ ሰሜናዊ ምሥራቅ ጫፍ በካምቻትካ የሚኖሩት የኮርያክ ሰዎች ያንን ቀዩን እንጉዳይ ይበሉ እንደነበር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆናቸው የተጓዦች ጽሑፎች ይናገራሉ። (የሰከረውን ሰው ሽንትም ለሌላው ያጠጡ ነበር። ቤተሰብ በጋራ ስለሚያዳምጠን እዚህ ላይ እናቁመው፤ ነጃሳነቱን መናገርም አያስፈልግም።) በሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትንንሽ እንጉዳዮች አሉ። ስፔኖች አገሩን በያዙበት ዘመን የነበሩት መነኩሴ ሳሃጉን ስለ እነሱ ጽፈዋል። የሁለቱ እንጉዳዮች ቅመም የተለያየ ነው። በቀዩ ውስጥ ያለው ሙሲሞል፣ በሜክሲኮው ውስጥ ያለው ሲሎሳይቢን ይባላል። ፊልም ሠሪዎቹ አንዱን ካንዱ ያምታታሉ።

ይህን ነገር ለዓለም ያስተዋወቀው ጎርደን ዋሰን የተባለ አሜሪካዊ የባንክ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1955 በሜክሲኮ ተራሮች ላይ፣ ኡአውትላ በምትባል መንደር፣ ማሪያ ሳቢና ከምትባል የማዛቴክ ጎሣ ሴት ጋር ሌሊቱን ተቀምጦ እንጉዳዩን በላ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1957 ላይፍ በተባለው መጽሔት ታሪኩን አወጣ። ቆየት ብሎም እ.ኤ.አ. በ1968 የሕንዶች የጥንት መጽሐፍ የሚያወድሰው «ሶማ» የተባለ መጠጥ ያ ቀይ እንጉዳይ ነው የሚል ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ዋሰን ከአሌግሮ ይልቅ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ሆኖም የሕንድን ጥንታዊ ቋንቋ ከሚያውቁ ሊቃውንት ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። አንዳንዱ ኤፌድራ የተባለ ቁጥቋጦ ነው አለ፤ ሌላው ዐረቦች ሐርመል የሚሉት ተክል ነው አለ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም አልተስማሙም።

የማሪያ ሳቢና ነገር ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ፊልሞቹ የማይናገሩት እዚህ ላይ ነውና።

ማሪያ ሳቢና የካቶሊክ እምነት ተከታይ ነበረች። በዚያ ሌሊት ዜማዋ ውስጥ የምትጠራቸው የቤተ ክርስቲያኗን ቅዱሳን ነበር። እንጉዳዩ የሚበላው ሰው ሲታመም ነው። ምን እንደነካው ለማወቅና እንዲድን ለመለመን ይቀመጣሉ። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት በመንደሯ አምላክን አገኛለሁ ብሎ እንጉዳይ የበላ ሰው እንዳልነበረ እሷ ራሷ በኋላ ተናግራለች። ዋሰን ስሟን በመጽሔቱ ላይ ለውጦ ነበር፤ አልተሰወረችም። በ1960ዎቹ ሥራ የፈቱ የአሜሪካና የአውሮፓ ወጣቶች መንደሯን አጥለቀለቁት። የመንደሩ ሰው ለዚህ ጥፋት ተጠያቂ ያደረገው እሷን ነው፤ ቤቷ ተቃጠለ። ከባዕዳኑ መምጣት ወዲህ እንጉዳዩ ኃይሉን እንዳጣ እያዘነች ተናግራ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በድህነት ሞተች።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ልብ በሉልን። ሃይማኖቱን የሰጣት እንጉዳዩ ቢሆን ኖሮ ቅዱሳኑን ከየት አመጣቻቸው? ይዛቸው ነበር የገባችው። የካምቻትካው ሰው የአገሩን መናፍስት ያያል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1962 በቦስተን ከተማ አንድ ሐኪም ሃያ የክርስትና ሥነ መለኮት ተማሪዎችን በስቅለት ዓርብ ዕለት በጸሎት ቤት ሰብስቦ ለግማሾቹ ሲሎሳይቢን ሰጣቸው። የወሰዱት አብዛኞቹ ጥልቅ ሃይማኖታዊ ስሜት እንደተሰማቸው ተናገሩ። ይህ ጥናት ለእንጉዳይ ወገኖች ትልቅ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ሰዎቹ እነማን ነበሩ? የሥነ መለኮት ተማሪዎች። ቀኑ? ስቅለት። ቦታው? ጸሎት ቤት። ከጎናቸው የሚሰማው ድምፅ? ስብከትና መዝሙር። እንዲህ ከሆነ ሃይማኖቱ ቀድሞ በቦታው ነበር፤ ቅመሙ የመጣው ኋላ ነው። በአንድ ጭፈራ ቤት ውስጥ ያው ቅመም ለሌላ ሰው ቢሰጥ የሚያወራው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ በገባበት ልብ ነው የሚወጣው።

ይህን የምንለው ስለ ሌሎች ነው። ስለ ራሳችን ዲን ሲባልስ?

የመካ ቁረይሾች በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ያቀረቧቸውን ክሶች ቁርአን ራሱ መዝግቦ አቆይቶልናል። እብድ ነው አሉ። ገጣሚ ነው፣ ጠንቋይ ነው፣ ሰው ያስተምረዋል አሉ። በሱረቱል አንቢያእ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ የተደበላለቀ ሕልም ነው ማለታቸው ተጠቅሷል። ዛሬ በስልክ የሚመጣው ወሬ ከዚህ ምን ጨመረ? እንጉዳይ የሚለውን ቃል ብቻ። ቁረይሾች ደግሞ ስካርን ከመጽሐፍ ያጠኑ ሰዎች አልነበሩም፤ ከሚጠጡት ጋር አብረው ውለው የሚያድሩ ናቸው። የሰከረን ሰው ከሩቅ ያውቁታል። አርባ ዓመት አብሯቸው የኖረውንና አል-አሚን ብለው አደራቸውን የሚያስቀምጡበትን ሰው ግን ሰክሮ ነው ለማለት አልደፈሩም።

ወሕይ ሲወርድ የነበረውንም ሁኔታ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። በብርድ ቀን እንኳ ከግንባራቸው ላብ ይንቆረቆር ነበር፤ ወሕዩ ሲያበቃ ግን የተባሉትን አንድም ሳይጎድል ይዘው ይነሡ ነበር። ቃዥቶ የነቃ ሰው እኮ የሚያስታውሰው ቀለምና ስሜት ነው፤ «በቃል ሊገለጽ አይችልም» ይላል። የእንጉዳዩ ወገኖችም ይህን ደጋግመው ይጽፋሉ። ቁርአን ግን በቃል የተገለጸ ነው። በውስጡ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ስለ ብድር የሚናገረው ነው፤ ብድር ስትበዳደሩ ጻፉ፣ ጸሐፊው አይዛነፍ፣ ምስክር አቁሙ የሚል ነው። በሱረቱ ኒሳእ የእናት ድርሻ አንድ ስድስተኛ፣ የሚስት ድርሻ አንድ አራተኛ ወይም አንድ ስምንተኛ እየተባለ ይቆጠራል። ከስካር ተነሥቶ ይህን የደነገገ ሰው በዓለም ታሪክ ካለ ያምጡልን። ይህም በአንድ ሌሊት ሳይሆን በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በሰላምም በጦርነትም መካከል የወረደ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ይህ ወሕይ መጠጥን የከለከለ ወሕይ ነው። እርም ከመደረጉ በፊት እንኳ የሰከረ ሰው የሚናገረውን እስኪያውቅ ድረስ ወደ ሰላት እንዳይቀርብ ተከልክሎ ነበር። ሌሎች ወደ አምላክ ለመቅረብ አቅላቸውን ሲስቱ፣ ሙስሊም ግን አቅሉን ከሳተ ከሰላት እንዲርቅ ታዘዘ። ኸምር የሚለው ቃልም ሸፈነ ከሚለው ነው፤ እህቶቻችን ራሳቸውን የሚሸፍኑበት ኺማር ከዚሁ ሥር ነው። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) በሚንበር ላይ ኸምር ማለት አእምሮን የሚሸፍን ሁሉ መሆኑን አስረድተዋል። እንጉዳይ በስም አልተጠቀሰም የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ እዚህ አለ። (ይህ የቃል ሥር እንደ አሌግሮ በግምት የተገጣጠመ አይደለም፤ ዐረብኛው ሕያው ነው፤ መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ማየት ይቻላል።)

እዚህ ላይ የራሳችንን ቤትም እናንሣ። «ቅመም ምስጢር ይከፍታል» የሚለው ነገር ወደ ሙስሊሞችም ሰፈር ገብቶ ነበር። በኹራሳን የነበሩ ሸይኽ ሐይደር የተባሉ ሱፊ ሐሺሽን አግኝተው ለደረሶቻቸው አስተማሩ የሚል ትረካ አል-መቅሪዚ ጽፈዋል። ትረካው እውነት ይሁን አይሁን፣ ሐሺሽ ለዚክር ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች ግን ነበሩ። ኢብን ተይሚያ እና ከእሳቸው በኋላ አዝ-ዘርከሺ በሰፊው መልስ ሰጡ፤ አእምሮን የሚሸፍን ነውና እርም ነው አሉ።

ዑለማዎቻችን ግን አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እርም የሚሉ አልነበሩም። ከአገራችን ተሻግሮ የመን የገባው ቡና ምስክር ነው። የየመን ሱፊዎች ሌሊት ለዚክር እንዲነቁ ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ሹም ኻኢር ቤግ ያሰክራል ብሎ ከለከለው፤ ቡናው በአደባባይ ተቃጠለ። ነገሩ ወደ ካይሮ ደረሰ። በዚያ አንድ የሐነፊ ቃዲ ያደረጉት ነገር ደስ ይለናል፤ ቡና በቤታቸው አስፈልተው ለሰዎች አጠጡና አብዛኛውን ቀን አብረዋቸው እያወጉ ተቀመጡ። ከጠጪዎቹ አእምሮ የጎደለ ነገር አላዩምና ሐላል ነው አሉ። መለኪያው ይህ ነው፦ አእምሮ አለ ወይስ የለም? እናቶቻችን ዛሬ ረከቦቱን የሚዘረጉት ይህ ጥያቄ በአግባቡ ስለተጠየቀ ነው።

ስለ ጫት የሚጠይቁን እንደሚኖሩ እናውቃለን። የዑለማዎች አነጋገር የተለያየ ነው፤ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል። ዛሬ ወደዚያ አንገባም። ለርእሳችን የሚሆነው ይህ ብቻ ነው። በወሎ አባቶቻችን በወዳጃ ሲቀመጡ ጫት ቢቀርብም፣ ዱዓውን ያስተማራቸው ጫቱ አልነበረም። ዱዓውን ከሸይኾቻቸው ተቀብለው ነው የመጡት። የውጭ አጥኚ ዱዓውን ትቶ ቅጠሉን ብቻ ቢመዘግብ ያንን ማኅበር ገለጸው ልንል እንችላለን?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖራችሁ እህቶችና ወንድሞች አንድ ነገር ታውቁ ይሆናል። ዝናብ በጣለበት ዓመት ከበረሃው አሸዋ ሥር የሚወጣ፣ ድንች የሚመስል፣ ዋጋው የማይቀመስ ነገር በገበያ ይሸጣል። ፈግዕ ይሉታል። የጥንት ስሙ ከምአ ነው፤ የእንጉዳይ ዘር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከምአ ከመን ወገን መሆኑን፣ ውሃውም ለዓይን ፈውስ መሆኑን የተናገሩበት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ለበኒ ኢስራኢል የወረደው መን የሚያሰክር እንጉዳይ ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉና ይህን ሐዲስ አግኝቶ የሚደሰት አይጠፋም። አይደሰት። ከምአ ምግብ ነው። የበረሃ ሰዎች ከሩዝ ጋር ቀቅለው ከልጆቻቸው ጋር ይበሉታል፤ የበላም አቅሉን ስቶ አያውቅም። ሳያርሱና ሳይዘሩ የሚገኝ ሲሳይ በመሆኑ ከመን ጋር እንደተመሳሰለ ዑለማዎች አብራርተዋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ሐኪሞች ሲሎሳይቢንን ለከባድ የድብርት ሕመም እየሞከሩት መሆኑም በደብዳቤው ተነሥቷል። እውነት ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የኮሎራዶ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2022 በሕዝብ ድምፅ ቅመሙን የሚፈቅድ ሕግ አጽድቃለች። የአገር ሕግ ፈቀደ ማለት ሸሪዓው ፈቀደ ማለት አይደለም። ሌላ መድኃኒት ላጣ በሽተኛ በሐኪም እጅ የሚሰጥ ነገር ግን ራሱን የቻለ የፊቅህ ጥያቄ ነው። የሚመለከተው ሰው ሐኪሙንና ዐሊሙን በአንድነት ይጠይቅ እንጂ ከእኛ የሬዲዮ ንግግር ፈትዋ አይውሰድ።

ለወንድማችን፦ ያ ሦስተኛው ልጅ አብሮህ የሚበላ፣ አብሮህ የሚያድር ነው። አትሳደብበት። ለክርስቲያኑ ጓደኛህም የአሌግሮን ነገር እንዳስረዳንህ አስረዳው፤ ከሙስሊም አፍ መስማቱ ይጠቅመዋል። ፊልም የሚያሳያችሁን ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ሃይማኖት ከእንጉዳይ ከበቀለ፣ እንጉዳዩ በማይበቅልበት በረሃ የሚኖሩ ሕዝቦች ለምን ሰገዱ? እንጉዳዩን በልተው ነቢይ ያላገኙትስ ለምን በዙ? መልስ ካመጣ ጻፍልንና በሌላ ጊዜ እናነሣዋለን።

አንድ ማስታወሻ ጨምረን እንሰናበታለን። ይህን ንግግር ሰምቶ ደጅ የወጣውን የጅብ ጥላ ለመሞከር የሚያስብ ወጣት ካለ ይስማን። የሚገድሉ የእንጉዳይ ዝርያዎች መልካቸው ከሚበላው ጋር ይመሳሰላል፤ የአንዳንዶቹ መርዝ በመቀቀል አይወጣም። ሕመሙም ወዲያው ላይጀምር፣ ጀምሮም ተሻለው ሲባል ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። በክረምት ልጆች በየሜዳው ሲሯሯጡ ወላጆች ዓይናችሁን አትንቀሉ። የበላ ልጅ ካለ እስኪያመው ሳትጠብቁ ከተቻለ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።